የዓለም ሻምፒዮና በዳሚ ሜዳ

ደሳለኝ ሲደውልልኝ የተማሪ ሱሪ እየዘመዘምኩ ነበር። ግንበኛ ነው፤ በሥራ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ሰናይት፣ ጋሽ ኢድሪስ አረፉ። እዚያው ድሬዳዋ። ትናንት ዙሁር ሰግደው ቀበሯቸው አሉ።»

እግሬን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ማንን አስፈቅደው?» አልኩ። ደሳለኝ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ሁለታችንም በስልክ ተላቀስን።

«ማንን አስፈቅደህ?» የሳቸው ቃል ነበር። በቁጣ አይሉትም። አንድ ሰው ሊያደርገው የፈለገውን ነገር ፈርቶ ሲያመነታ ሲያዩ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ታዲያ እስከ ዛሬ የምትተነፍሰው ማንን አስፈቅደህ ነው አቦ?» ይሉታል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ገብቼ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ስከራይ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ክፍል የተከራዩት ጋሽ ኢድሪስ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው። ግራ ጉልበታቸው በደንብ ስለማይታጠፍ ምርኩዝ ይይዛሉ። ምርኩዙ ደግሞ ሌላ አልነበረም፤ ቆልማማውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው የሚጨብጡት አሮጌ የሆኪ ዱላ ነው። ሌላው ሰው ክታብ እንደሚያንጠለጥል እሳቸው ከሸሚዛቸው ሥር ፊሽካ ያንጠለጥሉ ነበር። ድሬዳዋ ተወልደው፣ ሐርጌሳ ኖረው ጫት አይቅሙም። ለምን ሲባሉ «እኔ ሳልቅምም መርቅኛለሁ» ይላሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን ነገር እፈራ ነበር። ቋንቋው አልገባኝም፤ ሻሼን ደጋግሜ አስተካክላለሁ፤ አንድ ቀን ሙቀቱ ሲበረታብኝ «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሴት በር ላይ ወንበር አውጥታ ብትሰፋ ይቻላል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዱላውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ኳ ኳ አደረጉ። ከመመለሳቸው በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ገቡና የራሳቸውን ወንበር አምጥተው ከሱቄ በር ላይ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚውን በሶማሊኛ ሰላም ሲሉ ቆዩና «አሁን ተቻለ። ነይ ያንቺንም አውጪ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ነው የምሰፋው። ፈቃድ የሚለምን ሰው ፈቃጅ ይወልዳል፤ ይህም የሳቸው ነው።

በአንድ የግል ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምሩ ነበር። «መዓሊን» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። ሌላው የስፖርት አስተማሪ እግር ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር ሲቀመጥ እሳቸው ልጆቹን የሚያስተምሩት ሆኪ ነው። ነገሩ የገባኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልካቸውን ይዘው የመጡ ጊዜ ነው።

«ነይ እዪ። የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ነው። ወንዶች፣ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላቸው።»

ሜዳው ሰማያዊ ነው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው በቆልማማ ዱላ ትንሽ ነጭ ኳስ ያሳድዳሉ።

«ይኼማ የገና ጨዋታ ነው!» አልኩ።

ተቆጡ። «የገና ጨዋታ ሕግ አለው? ይኼ በጠፍጣፋው ፊት ብቻ ነው የሚመታው። በእግር አይነካም። ከዚያ ከግማሽ ክቡ ውስጥ ካልተመታ ደግሞ መረብ ቢበጥስም ጎል አይባልም።» ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ለዘብ አሉ። «ያጎት ልጆች ናቸው፣ እሺ።»

ድሬዳዋ ተማሪ ሳሉ ሒሳብ የሚያስተምሯቸው ህንዳዊ ነበሩ፤ ሆኪን ያስተማሯቸውም እሳቸው ናቸው። ጋሽ ኢድሪስ ጎበዝ ተጫዋች ሆነው ወደ ውጭ ለሚሄድ የወጣቶች ቡድን ተመረጡ። ሊሄዱ ሲሉ ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ መጣ። ህንዱ መምህር አገራቸው ገቡ፤ የቡድኑ ልጆች ገሚሱ ዘመተ፤ ዱላዎቹ ማገዶ ሆኑ። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ያኔ ከወዲያ ማዶ የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ አሁን የማስተምራቸው» ብለው ወሬ ለወጡ።

ትምህርት ቤቱ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር በኩል አንድ ሜዳ ነበረው። ተማሪዎቹ ሲለማመዱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የሚያዩ ጎረምሶች ነበሩ፤ የዳሚ ልጆች። ዳሚ ብረት ቀጥቃጭ፣ ጫማ ሰፊና ፀጉር አስተካካይ የሚበዛበት ድሃ ሰፈር ነው። ሌላው ጎሳ ይንቃቸዋል፤ ልጁን አይድርላቸውም። አገሬ ላይ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል ስለማውቅ ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ጋሽ ኢድሪስ በሩን ከፍተው «ግቡ» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ዱላ የሚሠራው ዳሚ ነው። ግራሩን በእሳት ያጎብጡታል፤ ቆዳውን ያለብሱታል። ከድር የሚባል የቀጥቃጭ ልጅ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ወናፍ ሲገፋ ያደገ ክንድ አለው፤ ኳሷን ከዱላው ጋር የሰፋት ይመስል ነበር።

ልጆቹ በስልክ ሻምፒዮናውን ሲያዩ ሰንብተው እኛስ ለምን አንገባም አሉ። ተማሪዎቹ ለዓለሙ የሆኪ ማኅበር በእንግሊዝኛ ጻፉ። መልሱ ትሑት ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ በዓለም የታወቀ አገር፣ የታወቀ ማኅበር ያስፈልጋል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ይህ ነገር እዚህ አገር ለማንም አዲስ አይደለም፤ የራሳቸው ገንዘብ፣ የራሳቸው ፓስፖርት፣ የራሳቸው ባንዲራ አላቸው፣ የሚቀበላቸው ነው የጠፋው።

ጋሽ ኢድሪስ ኳ ኳ አደረጉ። «እኛስ እነሱን መቼ አወቅናቸው? ካልጠሩን እኛ እንጠራለን። የዓለም ወጣቶች ሆኪ ሻምፒዮና ሐርጌሳ ላይ ይካሄዳል። ፕሬዚዳንቱ እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጨርቅ ይዘው መጡ። «አራት ዓይነት ማልያ» አሉኝ። ሶማሌላንድ፣ የዳሚና የትምህርት ቤቱ ልጆች ድብልቅ። ኢትዮጵያ፣ ግንብ የሚገነቡት ያገራችን ልጆች። የመን፣ በምግብ ቤት የሚሠሩ ስደተኞች። አራተኛው ህንድ ነው፤ «ህንድ የሌለበት ሆኪ በርበሬ የሌለበት ወጥ ነው» አሉ። ከተማውን አስሰው ሁለት ህንዳውያን ወንድማማቾች አገኙ። አልበቃም፤ አባቱ ሐኪም የሆነ አንድ የፓኪስታን ልጅ ጨመሩበት፤ የቀረውን ከተገኘው ሞሉት። ህንድና ፓኪስታንን በአንድ ማልያ ያለበስኩ ልብስ ሰፊ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ያኔ ነው ደሳለኝን ያወቅሁት። የጎጃም ልጅ፣ ገና ሲጫወት ያደገ፣ ሲመታ አየሩ የሚያፏጭ። ግን በዱላው ጀርባ መምታት አይተውም። ጋሽ ኢድሪስ ፊሽካ ነፍተው ሲጮኹበት «አይቆጡ ጋሼ፣ ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይባላል» ይላቸዋል። «ይኼ ገና አይደለም፣ እኔም ጌታ አይደለሁም!» ብለው እንደገና ይነፋሉ።

ዕድሜ የሚጣራበት ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ከኛ ልጆች የልደት ወረቀት ያለው የለም። ጋሽ ኢድሪስ «እናት ትጠየቅ» ብለው ወሰኑ። ልጆቹ ሱቄ በር ላይ ተሰልፈው እየደወሉ፣ ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ፣ እናት ትጠየቃለች። የደሳለኝ እናት ተራ ደረሰ።

«ልጄ ምን ሆነ?» አሉ ገና ከመነሻው።

«ደህና ነው እመት፣ ዕድሜውን ፈልገን ነው» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

«ሊያገባ ነው አይደል? አትደብቁኝ!»

«ኢንሻአላህ ያገባል። ስንት ዓመቱ ነው?»

«ለኅዳር ጽዮን ሃያ ሁለት ሞላው፤ ምን አነሰው ታዲያ!» አሉ እናት በኩራት።

ከሃያ አንድ አልፏል ማለት ነው። ደሳለኝ የኢትዮጵያ ቡድን ተስፋ ነበር።

«ጋሼ፣ ማን ያየናል?» አለ። «እዚህ ማን መጥቶ ዕድሜ ይቆጥራል?»

«ለዚህ ነዋ! የሚያየን ስለሌለ እኛው ማየት አለብን። ያልታወቀ ሰው ካጭበረበረ ምን ይቀረዋል?» ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡት። «አንተ ዳኛ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ሕጉን ከኔ በላይ ታውቃለህ።»

ደሳለኝ አንድ ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ መጥቶ ሕጉን ተማረ።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሐጂ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከተማው በቦምብ ሲፈርስ በእግራቸው ተሰደው፣ ሲመለሱ ያንን ትምህርት ቤት ከፍርስራሹ ድንጋይ ለቅመው የገነቡ ናቸው። በየሰልፉ «ዓለም አንድ ቀን ያውቀናል» እያሉ ለተማሪው ሲናገሩ ዕንባቸው ይመጣል። ማልያዎቹን ላስረክብ ግቢው ውስጥ በገባሁበት ቀን ጋሽ ኢድሪስን አስጠርተው ሻይ አስቀዱላቸው። ጥግ ቆሜ ሰማሁ፤ ያኔ ሶማሊኛው ገብቶኛል።

«መዓሊን፣ ደስ ብሎኛል። ከዱባይ እውነተኛ ዱላ አዝዣለሁ። መረብም ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ። የአገራችንን ስም የሚለብሱት የኔ ተማሪዎች ይሁኑ። የዳሚ ልጆች...» እጃቸውን በአየር ላይ አወዛወዙ፣ «ከፈለጉ ኳስ ያቀብሉ።»

ጋሽ ኢድሪስ ሻዩን አስቀመጡ። «ምን ጎደላቸው?»

«አንተ እንግዳ ነህ፤ አይገባህም።»

«እንግዳ ስለሆንኩ ነው የሚታየኝ። በየማለዳው ዓለም አላወቀንም ብለህ ታለቅሳለህ። ሐጂ፣ ዳሚን ያላወቀው ማን ነው? እዚሁ ያንተ ከተማ ውስጥ ያሉትን?»

የሐጂው ፊት ቀላ። «የመኖሪያ ወረቀትህ በኔ ትምህርት ቤት ስም ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። ከፍጻሜው በኋላ ቅደደው።»

ወጥተን ስንሄድ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ያባርሩዎታል እኮ!» አልኳቸው። ኮድቡር፣ ሱቄ በር ላይ ስንደርስ «ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከውድድር ቀርቻለሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ አልቀርም።»

በማጣሪያው ቀን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ክፍት ነበር። ኢትዮጵያ የመንን አሸነፈች፤ ሶማሌላንድ ህንድን። ወደ ፍጻሜው ያለፈው የሶማሌላንድ ቡድን ከድርን ጨምሮ አብዛኛው የዳሚ ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁለት ነበሩ፤ አባቶቻቸው ቢከለክሏቸውም ከቡድኑ አልወጡም።

በፍጻሜው ጠዋት የሜዳው በር በሰንሰለት ተቆልፎ አገኘነው። ልጆቹ ሰንሰለቱን ይዘው ነቀነቁት። አንዱ እንዝለል አለ። ጋሽ ኢድሪስ ቁልፉን አገላብጠው አዩትና «ጥሩ ቁልፍ ነው» ብለው ዞሩ። «ከድር፣ እናንተ ሰፈር ጠፍጣፋ መሬት የለም?»

ዳሚ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ሴቶቹ መጥረጊያ ይዘው ወጥተዋል። ድንጋይ ተለቀመ፣ ፕላስቲክ ተጠረገ፣ ቀጥቃጮቹ ከቧንቧ ቁራጭ ጎል በየዱ። ሁሉ አልቆ ሰው ሊጀመር ነው ሲል ጋሽ ኢድሪስ «ውኃስ?» አሉ።

«ምን ውኃ?» አልኳቸው።

«ሻምፒዮና ላይ ሜዳው ውኃ ይጠጣል። በስልክ አላየሽም? ያለዚያ አይጀመርም።»

ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ! ሰው ተያየ። ከዚያ አንድ በአህያ ጋሪ ውኃ የሚሸጥ ሽማግሌ አህያውን እየጎተተ ወደ ሜዳው ገባና የበርሜሉን ቧንቧ ከፈተ። ሁለተኛው ተከተለው። ዝናብ ሳይጥል ዳሚ መሬት መሬት ሸተተ። ጋሽ ኢድሪስ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእርጥቡ ላይ አንድ ዙር ዞሩ። በዚያች ዙር ያነክሱ እንደሆነ አላስታውስም።

ተመልካቹ ከየሰፈሩ መጣ፤ ከመሐመድ ሞጌም፣ ከኮድቡርም። መጀመሪያ ለማን እንደሚጮህ የሚያውቅ አልነበረም። በአንድ በኩል እኛ ሐበሾቹ ነን፤ በሌላ በኩል «ሶማሌላንድ» የሚል ማልያ የለበሱ የዳሚ ልጆች። ኢትዮጵያ ቀድማ አገባች። ከድር አቻ አደረገ፤ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ አሥር። ኢትዮጵያ ሁለተኛ አገባች። ያን ጊዜ የሕዝቡ ድምፅ ተለወጠ። «ሶማሌላንድ! ሶማሌላንድ!» ከዚህ በፊት ዳሚን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይጮሃል።

ሊያልቅ ሲል ከድር ሁለት ሰው አልፎ መታ። ኳሷ እንደ ጥይት ገባች። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ደሳለኝ ግን ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ያወዛውዛል። «አይደለም! ከክቡ ውጭ ነው የተመታው!»

ሁሉም ከበበው። ዳኛው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ጎሉ ከተሻረ የሚያሸንፈው ኢትዮጵያ ነው። አንዱ ድንጋይ አነሳ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። ወረቀት የሌላቸው ያገሬ ልጆች ማልያቸውን አውልቀው ለመሮጥ ዙሪያውን ያያሉ። ጋሽ ኢድሪስ እያነከሱ ገቡና ከደሳለኝ ፊት ቆሙ።

«የልጆቻችንን ጎል መልስ!» አላቸው ድንጋይ የያዘው ጎረምሳ። «ልጆቻችንን አትዘርፉም!»

«የማንን ልጆች?» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

«የኛን!»

«እንደገና በለው።»

ጎረምሳው ግራ ገባው። በዚህ መሐል ከድር ሰውን እየገፋ መጣ። ላቡ ይንጠባጠባል። ዱላውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ጮኸ፦ «ከውጭ ነው የመታሁት! እኔ አውቃለሁ። ጎል አይደለም። የተሸነፍነው በሕጉ ነው፤ ተዉአቸው!»

ድንጋዩ ወደቀ። ጨዋታው አለቀ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ከድርን ማልያውን ሳያወልቅ በትከሻ ተሸክመውት በመሐል ከተማ አዞሩት። እኛ ያሸነፍነው በጸጥታ ወደየቤታችን ሄድን፤ ጋሽ ኢድሪስ መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ይስቁ ነበር። «ሰማሽ? የኛን አለ! ወላሂ፣ የኛን አለ!»

ሐጂው ቃላቸውን ጠበቁ። ወረቀቱ አልታደሰም። ልጆቹ ሊለምኑላቸው ሽማግሌ እንላክ ቢሉ «እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ማንም ስለኔ ጉልበቱን እንዳያጥፍ» አሉ። በዚያ ላይ ታመው ነበር። ሆዳቸውን ይዘው ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ ስጠይቅ «እርጅና ነው» ይላሉ። ልጃቸው ድሬዳዋ ስላለች ወደ እሷ እንዲሄዱ ተወሰነ። የዳሚው ሜዳ ግን አልተዘጋም። የዳሚ ልጆች ዛሬም ጁምዓ ከሰዓት ይጫወታሉ፤ ከድር ያሰለጥናል፤ ሐጂው አንድ ቀን መኪናቸውን ዳር አቁመው ሳይወርዱ ሲያዩ ነበር አሉ። እኔ አላየሁም።

እስከ ድንበሩ፣ እስከ ውጫሌ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ብቻቸውን ሊሄዱ አይችሉም ነበር፤ ሰውነታቸው አልቋል። መውጫው ላይ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ከባድ መኪና፣ ጫት የጫነ ላንድክሩዘር፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች። ተራው ሲደርሳቸው አንድ ወጣት ፖሊስ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ ወረቀታቸውን አገላበጠ።

«ጊዜው አልፎበታል» አለ። «ምን ስትሠራ ነበር?»

«የወጣቶች የዓለም ሆኪ ሻምፒዮና ፕሬዚዳንት ነበርኩ።»

ፖሊሱ ቀና አለ። ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። የሚቆጣ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«የዳሚው?» አለ።

«የዳሚው።»

«አይቼዋለሁ፣ በስልክ ልከውልኝ። ያ ጎል ጎል ነበር።»

«አልነበረም» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

«ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«በየትኛው ዓይንህ? ና ወዲህ ውጣ!»

ፖሊሱ ከመስኮቱ ኋላ ተነሥቶ ወጣ። ጋሽ ኢድሪስ፣ መቆም ያቃታቸው ሰውዬ፣ ቦርሳቸውን አቧራው ላይ ጣሉ፤ ክንዳቸውን ከእጄ አስለቀቁ፤ በዱላቸው መሬቱ ላይ ሰፊ ግማሽ ክብ ያሰምሩ ጀመር። «እዚህ ነው ልጁ የቆመው። እዚህ! አንተ ደግሞ በረኛ ሁን፣ እዚያ ቁም።» ፖሊሱ ሄዶ ቆመ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይጮኻል፣ ሾፌሮቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ሁለቱም አልሰሙም።